የሁለት ሚሊሜትር ሥራ

መርፌው ለስፌት የሚሆን አይደለም። ነፍሳትን ለመሰካት የተሠራ፣ ራስም ቀዳዳም የሌለው፣ ከጸጉር እምብዛም የማይወፍር የብረት ዘንግ ነው። እጀታውን ባለሙያዋ ራሷ ታበጅለታለች፤ የክብሪት እንጨት ወይም ቀጭን ቀርከሃ ጫፉን ሰንጥቃ መርፌውን ትቀረቅርበትና በማጣበቂያ ታጸናዋለች። ከዚያ ጫፉን በማይክሮስኮፕ ሥር ትመረምረዋለች። ለዓይን ቀጥ ያለ የሚመስለው መርፌ በማጉያው ሲታይ ጫፉ ቆልመም ብሎ ይገኛል፤ እንዲህ ያለው ይጣላል። ሁለት መርፌ ያስፈልጋታል፤ በግራዋ የምትይዝበት፣ በቀኟ የምትቆርጥበት። የምትቆርጠው ከራሷ እስከ ጅራቷ ሁለት ሦስት ሚሊሜትር የሆነችን ዝንብ ነው፤ ዋናው ሥራ ደግሞ የዝንቧ አንገት ላይ ነው።

በጤና መጻሕፍት የአሸዋ ዝንብ ትባላለች። ቀለሟ የደረቀ ሣር ዓይነት ነው፤ ገላዋ፣ ክንፏም ሳይቀር፣ በጸጉር ተሸፍኗል፤ እግሮቿ ለሰውነቷ የማይመጥኑ ረጃጅም ናቸው። ስታርፍ ክንፎቿን ጀርባዋ ላይ አታጥፍም፤ ወደ ላይ ከፍታ ትይዛቸዋለች፤ ያየ ሰው በዚህ ብቻ ከቢምቢ ይለያታል። ስትበር ድምፅ የላትም፤ እምር እምር እያለች ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ትሸጋገራለች እንጂ ሩቅ መንገድ አትደፍርም። እስከዚህ ድረስ ማንም ሰው በዓይኑ ሊያውቃት ይችላል። የትኛዋ የአሸዋ ዝንብ ናት የሚለው ግን ከውጭ አይነበብም። መልሱ ጉሮሮዋና ሆዷ ውስጥ ነው፤ እዚያ የሚያደርስ እጅ ካልተገኘ ዝንቧ ስም የላትም።

ከደብረ ብርሃን የተነሳ መኪና ጣርማ በር ላይ ጣሊያን የፈለፈለውን መሿለኪያ አልፎ ሲወጣ መሬቱ ድንገት ይሸሻል። ጉሙ ከተገፈፈ ደብረ ሲና ከታች፣ ከእሷ ወዲያ አርማንያ፣ ከዚያም የሸዋ ሮቢት ቆላ አንዱ ከሌላው ሥር ተደርድረው ይታያሉ። ግራ ቀኙ ገደል ነው፤ ጥቁር ድንጋይ እየተሰነጠቀና እየተናደ ዋሻና ጎሬ የፈጠረበት ገደል። ፀሐይ ስትወጣ ሽኮኮዎች ከስንጥቁ ብቅ ብቅ እያሉ ይሞቃሉ። ገደልና ዋሻ፣ ሽኮኮና አጠገቡ የሚኖር ሰው፤ ቁንጭር የምንለው የቆዳ በሽታ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። በሽታው በኢትዮጵያ በአብዛኛው ከ1,400 እስከ 2,700 ሜትር ከፍታ ባለው ምድር ይታያል፤ ደብረ ሲና የዚህ ቀበቶ ላይኛ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ያንኑ የገደል ሰንሰለት ተከትሎ ደሴን ያለፈ ሰው ደግሞ ኩታበር ይደርሳል፤ ይህች ዝንብ በኢትዮጵያ ከተጠናችባቸው ቀደምት ቦታዎች አንዱ ነው። ለቁንጭር መድኃኒት የሚፈልግ የወሎ ሰው ዛሬም የሚሄድበት ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ከዚያ ሩቅ አይደለም።

የቁንጭር ተሕዋስ ሌሽማኒያ ኤትዮፒካ ይባላል። ስሙን በ1973 ያወጡለት ብሬይ፣ አሽፎርድና ብሬይ ናቸው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። መኖሪያው ሽኮኮ ነው፤ ሽኮኮውን እምብዛም አይጎዳውም። ሴቷ ዝንብ እንቁላል ለመጣል ደም ያስፈልጋታል፤ ከሽኮኮ ደም ስትመጥ ተሕዋሱን አብራ ትወስደዋለች፤ በአንጀቷ ውስጥ ይራባል፤ በሌላ ሌሊት ሰው ስትነክስ ታስተላልፈዋለች። ቁስሉ አፍንጫ ወይም ጉንጭ ላይ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይቆይና ጠባሳ ጥሎ ይሄዳል፤ በጥቂቶች ላይ ግን ሳይድን በብዙ የሰውነት ክፍል ይሠራጫል። በዓመት ከ20,000 እስከ 50,000 የሚደርሱ ሰዎች በኢትዮጵያ በቆዳ ሌሽማኒያ እንደሚያዙ ይገመታል። በብዙ ቦታ ሕዝቡ ጥፋተኛ የሚያደርገው የሌሊት ወፍን ነው፤ ፊት ላይ ሸንታ ነው ይባላል። የሌሊት ወፍ እንኳ ንጹሕ ናት። ይሁንና ጥርጣሬው ጨርሶ ከመንገድ አልወጣም፤ ሰዉ ወንጀለኛውን ቢስትም ቤቱን አልሳተም፤ ዝንቧም የምትውለው እዚያው ዋሻ ውስጥ ነውና።

ቀን ላይ የምትመርጠው ጨለማ፣ እርጥበት ያለውና ነፋስ የማይደርስበት ግድግዳ ነው። ለቀማው የሚጀምረው ከባትሪ አያያዝ ነው። ባትሪውን ፊት ለፊት ያበራ ሰው ከጥቁር ድንጋይ በቀር ምንም አያይም። የለመደ ሰው ግን ባትሪውን ግድግዳው ላይ ሊያስነካው ምንም ሳይቀረው በጎን ያበራል፤ ያኔ የዝንቧ ጥላ ከራሷ ከዝንቧ ረዝሞ ይወድቃል፤ የሚፈለገውም ጥላው ነው። በሌላ እጁ የመስታወት ቱቦ ይዟል፤ ከጎማ ቱቦ ጋር የተቀጠለ፣ መቀጠያው ላይ ስስ ሻሽ የተወጠረበት። የጎማውን ጫፍ አፉ ውስጥ አድርጎ አጭር ትንፋሽ ይስባል። ትንፋሹ ከበረታ ዝንቧ ሻሹ ላይ ተላትማ እግሯና ጸጉሯ ይራገፋል፤ ከደከመ ታመልጣለች። ልኩን በጽሑፍ ማስተማር የሚቻል አይመስለኝም። የዋሻ አቧራ የሽኮኮ በጠጥና የሌሊት ወፍ ኩስ የተቀላቀለበት ስለሆነ በአፍ መሳብ ለሳንባ አደገኛ ነው፤ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ መሳቢያ ያገኘ ሰው በእሱ ቢጠቀም ይሻለዋል። ሞተር ግን ትንፋሽ መመጠን አያውቅም፤ ቱቦው ላይ ማጣሪያ ጨምረው በአሮጌው የሚቀጥሉ ሰዎችን ምክንያት ለመረዳት አይከብድም።

ሌላው ወጥመድ ወረቀት ነው። ተራ የጽሕፈት ወረቀት ሁለቱም ገጹ የጉሎ ዘይት ይቀባና ማታ ስንጥቁ አፍ ላይ በእንጨት ተይዞ ይተከላል፤ ዝንቧ ስትወጣ ስትገባ ትለጠፍበታለች፤ ጠዋት ይሰበሰባል። ጉሎ የተመረጠበት ምክንያት ያስደስተኛል። የኑግም ሆነ የሰሊጥ ዘይት ዝንብ ይይዛል፤ ነገር ግን በአልኮል እምብዛም አይሟሟም። የጉሎ ዘይት ይሟሟል። ስለዚህ የተጣበቀችው ዝንብ አልኮል በነካ ቀጭን ብሩሽ ስትዳሰስ ዘይቱ ይለቃታል፤ ሳትጎተት፣ እግሯ ሳይነቀል ወደ ብልቃጡ ትገባለች። ይዞ ማስቀረትንም ሳይጎዱ መልቀቅንም አስቦ የተሠራ ወጥመድ ብዙ አይገኝም።

ብልቃጡ ውስጥ ሰባ በመቶ አልኮል አለ። መለያ ወረቀቱ ከውጭ አይለጠፍም፤ በትንሹ ተቆርጦ ከዝንቦቹ ጋር ውስጥ ይገባል፤ የሚጻፈውም በእርሳስ ነው። የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ሲነካው ይፈስሳል፤ እርሳስ ግን እንዳለ ይቆያል። ቀኑ፣ ቀበሌው፣ ከፍታው፣ የዋሻው ቁጥር፣ የወጥመዱ ዓይነት፣ የለቃሚው ስም። ይህች ቁራጭ ወረቀት ከጠፋች ከዚህ በኋላ የማወራለት ጥበብ ሁሉ ከንቱ ድካም ነው፤ ከየት እንደመጣች የማትታወቅ ዝንብ ስሟ ቢታወቅ ለማንም አይጠቅምም።

ዋሻ ደጃፍ ላይ እረኛና ሽማግሌ አይጠፋም። ጥያቄውም የታወቀ ነው።

«ልጄ፣ ይህቺን ቢምቢ ለቅመሽ ምን ልታደርጊያት ነው?»

«ቢምቢ አይደለችም አባባ። ማን እንደሆነች ልጠይቃት ነው።»

«እሷስ ትነግርሻለች?»

«አንገቷን ስቆርጠው ትነግረኛለች።»

ይስቃሉ። መልሱ ግን ቀልድ አይደለም።

ላቦራቶሪ ሲገባ መጀመሪያ ወንዱ ከሴቷ ይለያል። ይህ ቀላል ነው፤ ወንዱ ጅራቱ ላይ የተከፈተ መቆንጠጫ የሚመስል ትልቅ የመራቢያ አካል አለው፤ የሴቷ ጫፍ ክብ ነው። ወንዱ አይነክስም፣ በሽታም አያስተላልፍም፤ ሆኖም ዝርያውን ለማወቅ ከሴቷ ይልቅ የሚመቸው እሱ ነው፤ መለያው ሁሉ ውጭ ተዘርግቶ ይታያል። የምትፈለገው ግን የምትነክሰው ሴቷ ናት፤ እሷ ደግሞ መለያዋን በሆዷ ደብቃለች።

ሴቷን ለማንበብ ሥጋዋ መጥፋት አለበት። ፖታሽ በተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ ትገባለች፤ ጡንቻውና ስቡ ይሟሟል፤ የሚቀረው ጠንካራው ሽፋንና ከእሱ የተሠሩት የውስጥ አካላት ብቻ ናቸው። ጊዜው ካጠረ ውስጡ ጉም ይሆናል፤ ከረዘመ ደግሞ ሽፋኑ ይሳሳና መታየት የነበረበት ቀጭን መስመር አብሮ ይጠፋል። ባለሙያዋ ሰዓት አታይም ማለት አይደለም፤ የምታምነው ግን ዓይኗን ነው። የዝንቧ ገላ ብርሃን ማሳለፍ ሲጀምር ታወጣትና በንጹሕ ውሃ ደጋግማ ታጥባታለች።

አሁን አንገቱ። ዝንቧ በአንዲት ጠብታ ፈሳሽ ውስጥ በጎኗ ተኝታለች። የባለሙያዋ ሁለት እጆች እስከ አንጓቸው ጠረጴዛው ላይ አርፈዋል፤ የብራና ጸሐፊ እጁን ጉልበቱ ላይ አደላድሎ ከጣቱ ጫፍ በቀር ሌላው ገላው እንዳይነቃነቅ እንደሚያደርገው ነው። የግራው መርፌ ደረቷን በስሱ ይጫናል እንጂ አይወጋም። የቀኙ በጭንቅላቷና በደረቷ መካከል ይገባና ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይጫናል። ይጫናል እንጂ አይጎትትም። የተጎተተ ጭንቅላት የጉሮሮው የኋላ ጫፍ ይቀደዳል፤ የሚነበበው ደግሞ ያው ጫፍ ነው። በወጉ የተቆረጠው ራስ ንጹሕ ሆኖ ተለይቶ ጠብታው ውስጥ ይንሳፈፋል። ከዚያ በመርፌው ጎን ቀስ ተደርጎ ይገለበጣል፤ የታችኛው ወገን ወደ ላይ እንዲሆን። ክብ ነገር በፈሳሽ ውስጥ ገልብጦ ተገልብጦ እንዲቆይ ማድረግ ምን ማለት እንደሆነ የሞከረ ያውቀዋል።

በአራት መቶ እጥፍ ሲጎላ፣ በዓይኖቿ መካከል፣ ከአፏ ጀርባ ያለች ትንሽ ክፍል ትታያለች። እዚያች ክፍል ውስጥ በረድፍ የቆሙ ጥርሶች ካሉ ዝንቧ ሰርጀንቶማይያ ከሚባለው ወገን ናት፤ ይህ ወገን በአብዛኛው እንሽላሊትና መሰሎቹን ነው የሚነክሰው። ጥርስ ከሌለ፣ ወይም ካለም እዚህ ግባ የማይባል ከሆነ፣ ፍሌቦቶመስ ናት፤ በእኛ አገር ሌሽማኒያን ወደ ሰው በማስተላለፍ የሚታወቁት ከዚህ ወገን ናቸው። በሆዷ ጀርባ ያለው ጸጉርም ይመሰክራል፤ የፍሌቦቶመስ ይቆማል፣ የሰርጀንቶማይያ ይተኛል። አንድ ወጥመድ ብዙ ዝንብ ይዞ ሊያድር ይችላል፤ ከዚያ ውስጥ አብዛኛው ለሰው የማያሰጋው ወገን ሆኖ ሲገኝ የአንዲት ረድፍ ጥርስ መታየትና አለመታየት ምን ያህል ከባድ ጉዳይ እንደሆነ ይገባል። ጭንቅላቱ ትንሽ ዘንበል ብሎ ከደረቀ ጥርሱ በጉሮሮው ጥላ ይሸፈናል፤ የሌለ ይመስላል። ተመልካቹ ሊቅ ቢሆን ምንም አይፈይድም። ዝርያ የሚለየው ዓይን ነው ይባላል፤ እኔ እጅ ነው እላለሁ፤ ዓይኑ የሚያየው እጅ ያቀረበለትን ብቻ ነው።

ሆዷ ውስጥ ያለው ደግሞ ከዚህም ይረቃል። ሴቷ ከወንዱ የተቀበለችውን ዘር የምታስቀምጥባቸው ሁለት ከረጢቶች አሏት፤ ከእያንዳንዳቸው ቀጭን ቱቦ ይወርዳል። ላሩሲየስ በሚባለው ንዑስ ወገን፣ የደጋው ዋሻ ዝንቦች በሚመደቡበት፣ ከረጢቱ ቀለበት በቀለበት እየተደራረበ የተሠራ ነው፤ ከጫፉ ቀጭን አንገት ይወጣና መጨረሻው ላይ ትንሽ ጉብታ ይቀመጣል። ሽፋኑ ከመሳሳቱ የተነሳ በተራ ማይክሮስኮፕ መስመሩ ብቅ ጥልቅ ይላል፤ የብርሃን ልዩነትን አጉልቶ የሚያሳይ ሌንስ ሲጨመርበት ነው ቀለበቱ አንድ በአንድ የሚቆጠረው። በአንዳንዶቹ ከረጢቱ ራሱ አይበቃም፤ ቱቦው ሥሩ ላይ ይሰፋል ወይስ ቀጭን ሆኖ ይቀራል የሚለው መታየት አለበት። እሱን ለማየት ቱቦው እስከ ሥሩ ድረስ ሳይጠማዘዝ ተዘርግቶ መተኛት አለበት። ይህን የሚያደርገው እንግዲህ ያው የክብሪት እንጨት እጀታ ያለው መርፌ ነው።

ዝንቧ በሕይወት ከተያዘች ሥራው ይከፋልም ይጥማልም። በጨው ውሃ ጠብታ ውስጥ አንዱ መርፌ ደረቷን ይይዛል፤ ሌላው የጅራቷን የመጨረሻ ቀለበቶች ጫር አድርጎ ወደ ኋላ በዝግታ ይስባል። እጁ ካልቸኮለ አንጀቷ ሳይበጠስ ሙሉውን እየተከተለ ይወጣል። ተሕዋሱ ካለ በማጉያው ሥር አንጀቷ ውስጥ ሲርመሰመስ ይታያል፤ ከጅራቷ ጫፍ ጋር ደግሞ የዘር ከረጢቶቿ አብረው ወጥተዋል። በአንድ ስበት ሁለት ጥያቄ ይመለሳል፤ ታማለች ወይ? ማን ናት? ከተበጠሰ ሁለቱም ይጠፋሉ።

የተለያዩት አካላት ስላይድ ላይ የሚቀመጡበት ማጣበቂያ ሆየር ይባላል፤ የሚሠራውም ከግራር ሙጫ፣ ከክሎራል ሃይድሬት፣ ከግሊሰሪንና ከተጣራ ውሃ ነው። ካላዛር የሚባለውን የውስጥ አካል ሌሽማኒያ የምታስተላልፈው ፍሌቦቶመስ ኦሪየንታሊስ በሁመራና በመተማ ዋልካ አፈር፣ በግራርና በበደኖ ሥር የምትኖር ናት፤ ተይዛ ስትመጣ መጨረሻዋም በግራር ሙጫ ውስጥ ነው። ጠብታው ስላይዱ ላይ ይደረጋል፤ ራሱ ተገልብጦ፣ የሆዷ ጫፍ ተዘርግቶ ይቀመጣል፤ ስሱ መሸፈኛ መስታወት በአንድ ጠርዙ ይነካና ሌላው ጠርዙ በመርፌ ተደግፎ ቀስ እያለ ይወርዳል። በአንዴ ከወደቀ አየር ይታመቅበታል። አረፋዋ የት እንደምታርፍ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ጥርሱ ላይ። ሙጫው ሳይጠነክር አንድ ጊዜ ተመልሶ ይታያል፤ ራሱ ከዞረ መሸፈኛውን በመርፌ ጫፍ በስሱ ገፋ አድርጎ ማቃናት ይቻላል። ከዚያ ስላይዱ አግድም ተኝቶ ለቀናት ይደርቃል። ዙሪያው በምን እንደሚታሸግ ስሰማ ፈገግ ብያለሁ፤ በጥፍር ቀለም፣ ከሱቅ በተገዛው።

ወንዱ ላይ ሥራው ፈጣን ነው፤ ውበቱ ግን አያንስም። በላሩሲየስ ወንዶች የመቆንጠጫው ጫፍ ላይ አምስት እሾህ አለ፤ ፓራፍሌቦቶመስ በሚባሉት አራት ነው። እሾሁን ቆጥሮ ንዑስ ወገኑን ያወቀ ሰው ቀጥሎ የወንዱን ብልት ሽፋን ጫፍ ያያል፤ አንዱ ሾጣጣ፣ አንዱ ደልደል ያለ፣ አንዱ ከጫፉ በታች ጎበጥ ያለ። ለዚህ መመሪያ የሚሆነው መለያ ቁልፍ የሚባለው ጽሑፍ ነው፤ ሁለት ሁለት አማራጭ እየሰጠ ወደሚቀጥለው ቁጥር የሚመራ። አቦናንክና ሚንተር በ1965 በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ያወጡት ቁልፍና ሉዊስ በ1982 በለንደን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም መጽሔት ያሳተመው ግምገማ በዚህ ሙያ የታወቁ ናቸው። ቅጽል የሌለው፣ ቃል የማይባክንበት አጻጻፍ ነው፤ አንዳንድ ጋዜጠኞቻችን ቢያነቡት አልጠላም።

የደጋዋን ዝንብ ፓሮና ማርቲን በ1939 ፍሌቦቶመስ ሎንጊፔስ ብለው ሰየሟት። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ በምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች ዋሻ ውስጥ የምትገኝ ተመሳሳይ ዝንብ ሁሉ በዚህ ስም ትጠራ ነበር። በእንዶድ ምርምሩ የታወቀው አክሊሉ ለማ በ1966 የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን ከመሠረተ በኋላ፣ በ1969 ከፎስተር፣ ከተፈራ ገመቹና ከሌሎች ጋር በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች ስላለው የቆዳ ሌሽማኒያ የመጀመሪያ ጥናታቸውን አወጡ፤ ዝንቧም በላቦራቶሪ መርባት ጀመረች። በኬንያ በኩል ሙቲንጋ በኤልጎን ተራራ ዋሻዎች ይሠራ ነበር፤ የእሱም ዝንብ ሎንጊፔስ ናት ተብላ ነበር። በኋላ ሉዊስ፣ ሙቲንጋና አሽፎርድ ስላይዶቹን ጎን ለጎን አድርገው ሲያዩ ልዩነት አገኙ፤ በ1972 የኤልጎኗን ፍሌቦቶመስ ፔዲፈር ብለው ለዩዋት። ልዩነቱ ዋሻው ውስጥ ቆሞ ለሚያይ ሰው የለም፤ ቀለሙም መጠኑም አኗኗሩም ያው ነው። የታየው ሁለት በወጉ የተዘጋጁ ስላይዶች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ስለተገናኙ ነው። ዛሬ በኩታበርና በመካከለኛው ደጋ ያለችው ሎንጊፔስ፣ በጋሞ ኦቾሎ መንደር ዋሻዎች ያለችው ፔዲፈር እንደሆነች ይታወቃል። ወሰንሰገድ ለማና ባልደረቦቹ በ2009 ባሳተሙት ጥናት ቁንጭር በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ፣ ሽኮኮ በሚኖርበት የወንዝ ገደል አጠገብ እንደሚተላለፍ ሲያሳዩም ዝንቧ ሎንጊፔስ ነበረች።

እጅም ዓይንም የሚደክምበት ቦታ አለ። በደቡብ ካላዛርን የምታስተላልፈው፣ ኩይሳ ውስጥ የምትኖረው ፍሌቦቶመስ ማርቲኒ፣ ሴሊዬ የምትባል ዘመድ አላት። ወንዶቻቸው ይለያሉ፤ ሴቶቻቸው ግን የዘር ከረጢታቸው እንኳ አንድ ነው። ተሾመ ገብረ ሚካኤልና ግርማይ መድህን በ1997 ያሳተሙት ሥራ የሄደበት መንገድ ልኬት ነው፤ የአካል ክፍሎችን በማይክሮስኮፕ መለኪያ አንድ በአንድ ለክቶ፣ አንዱ ልክ ብቻውን የማይለየውን ብዙ ልኮች በአንድነት እንዲለዩት ማድረግ። ለዚህ የሚሆን ስላይድ ደግሞ ከሌላው የበለጠ ንጽሕና ይጠይቃል። የታጠፈ አንቴና አይለካም፤ የተጨፈለቀ ራስ ከእውነተኛ ስፋቱ ይሰፋል።

አሁን ዘረመል አለ። ደረቷ ተቆርጦ ለዘረመል ምርመራ ይሄዳል፤ ራሷና የሆዷ ጫፍ ስላይድ ላይ ይቀራሉ። በ2020 የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከቤልጅየምና ከሌሎች አገሮች ባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት ሁለቱን መንገዶች አጣምረው የኢትዮጵያን የአሸዋ ዝንቦች ለይተዋል። እግር ብቻ የቀረላት ዝንብ እንኳ በዘረመል ስሟ ሊገኝ ይችላል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ታዲያ ማሽኑ የዘረመሏን ፊደል አንብቦ የሚያመሳክረው ቀደም ሲል ከተመዘገበ ፊደል ጋር ነው፤ ያ ፊደል የማን እንደሆነ መጀመሪያ የተናገረው ደግሞ ራሷን ገልብጦ፣ ቀለበቷን ቆጥሮ ስም የሰጣት ሰው ነው። መጀመሪያ የተሳሳተ ስም የተሰጣት ዝንብ መዝገብ ውስጥ ከገባች ማሽኑ ስሕተቱን በታላቅ ፍጥነት ያባዛዋል። መርፌ የሚይዙ እጆች እያነሱ መሄዳቸው የሚያሳስበኝ በዚህ የተነሳ ነው፤ በአንድ ወርክሾፕ የሚሰጥ ሙያ አይደለም።

ሆየር አንድ ጉድለት አለው፤ ያው ጉድለቱ ነው በጎነቱም። በውሃ ይሟሟል። እርጥበት ባለበት ክፍል ይለሰልሳል፣ በጣም ከደረቀ ዳር ዳሩ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ስላይዶቹ በሣጥን አግድም ተኝተው ይቀመጣሉ፣ በየጊዜውም ይታያሉ። የከፋበት ስላይድ ሲገኝ፣ ወይም ከአርባና ሃምሳ ዓመት በፊት ሎንጊፔስ የተባለችው ዝንብ ፔዲፈር እንዳትሆን ሲጠረጠር፣ የጥፍር ቀለሙ ተፍቆ ስላይዱ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ይተኛል። ሙጫው ይለቃል፤ መሸፈኛው ይነሳል፤ ራሱ በሌላ ሰው መርፌ ጎን ተደግፎ እንደገና ይገለበጣል፣ በአዲስ ጠብታም ይቀመጣል። አዲሱ ስላይድ በአንድ ወገኑ አዲሱን መለያ ይይዛል፤ በሌላው ወገን አሮጌው መለያ፣ ስሙ ስሕተት ሆኖ ቢገኝ እንኳ፣ ከነእጅ ጽሑፉ ተዛውሮ ይለጠፋል።